ከሽማግሌዎቹ በፊት፦ የተወለወለ ኮንክሪት ወለል ያለው የአንድ ሳሎን የጉዳይ ጥናት

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በአዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ ግንባታው ሊያልቅ የተቃረበ ባለአንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ሳሎን እንዳደራጅ ተጠራሁ። ባልና ሚስቱ ወለሉ ላይ ሴራሚክም ሆነ እብነ በረድ ሳይነጠፍ፣ ኮንክሪቱ ራሱ በማሽን ተፍቆና ተወልውሎ እንዲቀር ቀድመው ወስነዋል። ሐሳቡን ያመጡት ባልየው ናቸው፤ ቨርጂኒያ በሚኖር ወንድማቸው ቤት አይተው ወደዱት። ከውሳኔው ጋር ግን ሦስት ጉዳዮችን አብሬ ተረከብኩ። አንደኛው ቀደም ብሎ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛና በምንም መንገድ የማይለወጥ፣ ጠርዙ በወርቅማ ቅርጽ የተጌጠ ሙሉ ሶፋ ነው። ሁለተኛው በዚያው ግቢ የሚኖሩት የሚስትየዋ እናት ተቃውሞ ነው። ሦስተኛው የቀን ገደብ ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ፣ እንዲመጡ ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

እናት ባዶውን ክፍል በምርኩዛቸው መታ መታ እያደረጉ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ሊሾ ላይ ነው እንዴ ሽማግሌ የምንቀበለው?» አሉኝ። እኔም በዚያን ጊዜ፣ እንደ ማንኛውም ራሱን እንደሚያውቅ ባለሙያ፣ ጥያቄውን ከልማድ የመጣ እንቅፋት አድርጌ ቆጠርኩትና ሊሾና የተወለወለ ኮንክሪት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በትሕትና ለማስረዳት ሞከርኩ። ሴትየዋ ጨርሼ እስክናገር ሰሙኝና «ይሁን፣ ግራጫው ግን ያው ግራጫ ነው» ብለው ወጡ።

የቴክኒኩ ልዩነት እውነት ነው። ሊሾ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ለስላሳ» ማለት ነው፤ የሚሠራውም ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ሳለ የሲሚንቶ ዱቄት ተነስንሶበት በብረት ማለስለሻ ሲታሽ ነው። ላዩ ላይ የሚቀረው ስስ የሲሚንቶ ቆዳ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ይሰነጣጠቃል፣ በመጥረጊያ በተጠረገ ቁጥርም አቧራ ይሰጣል። የተወለወለ ኮንክሪት የሚሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ኮንክሪቱ ከደረቀና ከጠነከረ በኋላ ያ ቆዳ በአልማዝ ጥርስ ተፍቆ ይነሣል፣ ከሥሩ አሸዋውና ጠጠሩ ይወጣል፣ ከዚያም ጥርሱ እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ወለሉ ራሱ እንደ ድንጋይ ያብረቀርቃል። በአዲስ አበባ የሚፈጨው ጠጠር በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ በመሆኑ፣ የእኛ ወለል ሲፋቅ ግራጫ መደብ ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ነቁጥ ያሳያል፤ በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ እንደሚታየው ነጣ ያለ ወለል አይሆንም።

የእናትየዋ ቃል ግን ስለ አሠራር አልነበረም። ሊሾ በዚህ ከተማ የኪራይ ክፍል፣ የማድ ቤትና የሰርቪስ ቤት ወለል ነው። ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው በላዩ ላይ አንድ ነገር ማንጠፍ ነው። ስለዚህ ክፍሉን የሚያይ እንግዳ በልቡ «ቤቱ አላለቀም» ብሎ እንዳይወጣ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር፣ ይህ ደግሞ በማብረቅረቅ ብቻ የሚመጣ አልነበረም። ያን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አርማታው፣ ስንጥቁና የእኔ ስህተት

ሳሎኑ 5.4 ሜትር በ7.2 ሜትር፣ ከፍታው 2.9 ሜትር ነው። ሶሌታው፣ ማለትም የወለሉ አርማታ፣ የተሞላው ሴራሚክ እንደሚነጠፍበት ታስቦ ስለነበር ከኮሪደሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቀርቷል። በዚህም የተነሣ ያለውን ከመፋቅ ይልቅ ደቃቅ ጠጠር ያለው 5 ሳንቲ ሜትር አዲስ ኮንክሪት ከላይ ማፍሰስ ግድ ሆነ። ለሥራው ግን ይህ በረከት ነበር፤ የወለሉን መልክ ከመጀመሪያው የመወሰን ዕድል ሰጠን።

ኮንክሪት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ የት እንደሚሰነጠቅ ቀድሞ ካልተነገረው ደግሞ ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ በመጋዝ የሚቆረጥ መገጣጠሚያ መስመር ያስፈልገዋል፤ የተለመደው ስሌት በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከውፍረቱ ከ24 እስከ 36 እጥፍ እንዳይበልጥ ነው። ለ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይህ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ይሆናል። 5.4 ለ1.8 ሲካፈል 3፣ 7.2 ደግሞ 4 ይመጣል። ክፍሉ በመጋዝ መስመር ብቻ 12 እኩል ካሬ ሆኖ ተከፈለ። እነዚህ 12 ካሬዎች በኋላ የዕቃው አቀማመጥ ሁሉ መነሻ ይሆናሉ ብዬ በዚያ ሰዓት አላሰብኩም፤ በወረቀት ላይ ያማሩ መስመሮች ብቻ ነበሩ።

ኮንክሪቱ ነሐሴ 12 ቀን ፈሰሰ። መስመሮቹ በማግስቱ ጠዋት በማለዳ እንዲቆረጡ ተስማምተን ነበር፤ ቆራጮቹ ከማሽናቸው ጋር የደረሱት ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከእነሱ በፊት ስንጥቁ ደርሷል፤ በመስኮቱ በኩል ካለው ዓምድ ጥግ ተነሥቶ ሁለት ካሬዎችን በሰያፍ የሚያቋርጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር። ማንንም ብወቅስ ወለሉን አይጠግንልኝም ነበር፤ ያን ቀን መጋዙ ከጠዋቱ በቦታው መኖሩን በስልክ ሳይሆን በዓይኔ ማረጋገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ዝናቡ እስኪቆም ጠበቅን። ፍቂያው የተጀመረው መስከረም 15 ቀን፣ በ38ኛው ቀን ነው፤ ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ ይዟል የሚባለው በ28 ቀን ስለሆነ ችኮላ አልነበረም። በ40 ቁጥር ጥርስ ተጀመረ፣ 80 እና 150 ተከተሉ፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ጥርሱ ይደቅቃል። ከዚያ በኋላ ሊቲየም ሲሊኬት የተባለው ማጠንከሪያ ፈሳሽ ተረጨ። ይህ ፈሳሽ እንደ ቫርኒሽ ላይ ላዩን የሚቀመጥ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በመዋሃድ ቀዳዳዎቹን ይሞላል። ከዚያም በ200፣ በ400 እና በ800 ቁጥር ተወለወለ።

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ባልየው ግን በስልካቸው የነበረውን ፎቶ አሳዩኝ፤ መስታወት የመሰለ ወለል ነው። እኔም እሺ ብዬ እስከ 3000 አስኬድኩት። በቀን ሲታይ ግሩም ነበር። ማታ ኮርኒሱ ላይ ያሉት 16 ስፖት ላይቶች ሲበሩ ግን እያንዳንዳቸው ወለሉ ላይ አንዳንድ ነጥብ ጣሉ፤ ሳሎኑ በክረምት ማታ ዝናብ ያባራበት አስፋልት መሰለ። ሚስትየዋ በነጠላ ጫማ ሦስት እርምጃ ሄደው ግድግዳ ያዙ። በማግስቱ ደግሞ የጂፕሰም ሠራተኞቹ ያለፉበት ዱካ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ወለሉን እንደገና በ400 አውርደን በ800 ለመዝጋት ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ለመኖሪያ ቤት ከ800 በላይ አልሄድም፤ ደንበኛው ፎቶ ይዞ ቢመጣ እንኳ ፎቶው ውስጥ ሰው እንደሌለ አሳየዋለሁ።

ወለሉ ካለቀ በኋላ ለቀለም ሥራው በካርቶን ሸፈንነው። ሠራተኞቹ የለመዱት ላስቲክ ማንጠፍ ነው፤ ላስቲክ ግን ገና እርጥበት የሚያስወጣ ኮንክሪት ላይ ሲውል እርጥበቱን ያፍንና ደመና የመሰለ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ይነሣል።

ድምፁ

ወለሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ሶፋው ገባ። የገባውም በዚህ አገር ሳሎን በሚደረደርበት አኳኋን፣ ጀርባው ግድግዳ ተጠግቶ በዙሪያው፣ መካከሉ ባዶ ሆኖ ነው። ባልየው ቴሌቪዥኑን ከፍተው ዜና ለመስማት ተቀመጡ፣ ድምፁን ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ እንደገና ጨመሩና ዘጉት። ቃል አይለይም ነበር። እጄን አንዴ ባጨበጨብኩ ጊዜ ጭብጨባው ክፍሉን ዞሮ የሚመለስ ይመስል ነበር።

ነገሩ በስሌት ይገለጣል። ዋላስ ሴቢን የተባለው የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር በ1895 እ.ኤ.አ. ንግግር የማይሰማበት አንድ የማስተማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠይቆ፣ ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶችን እያጋዘ ሌሊት ሌሊት ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ይለካ ነበር። የደረሰበት ቀመር ዛሬም ይሠራል፤ ድምፅ በክፍል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር ያድጋል፣ ድምፅ ከሚውጠው ገጽታ መጠን ጋር ይቀንሳል። የእኛ ሳሎን ይዘቱ ወደ 113 ሜትር ኩብ ነው። ኮንክሪት ከሚመታው ድምፅ የሚውጠው 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ልስኑና መስታወቱም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። ባዶው ክፍል በስሌት ከ3 ሰከንድ በላይ ያስተጋባል። ንግግር በቅጡ እንዲሰማ ግን ይህ ከ1 ሰከንድ በታች መውረድ አለበት።

በዚህ ጊዜ ነው የእናትየዋ ጥያቄ የገባኝ። ይህ ክፍል የእንግዳ ክፍል ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ የሚጠብቀው ዋና ሥራ ደግሞ ንግግር ነው። ሽማግሌ ሲመጣ አይጮኽም፣ አይቸኩልም፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ ቆሞ ይናገራል። የልጅ አባትም በዚያው ልክ ይመልሳል። ያ ንግግር «እ? ምን አሉ?» እየተባለ የሚደጋገምበት ሳሎን፣ ወለሉ ከእብነ በረድ ቢሆን እንኳ፣ ያላለቀ ቤት ነው።

ዐሥራ ሁለቱ ካሬዎች

ቤተሰቡ ያቀረበው መፍትሔ የሚጠበቅ ነበር፤ መካከሉ ላይ ትልቅ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ሶፋውን በዙሪያው መተው። ይህን አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቴም የሚከተለው ነው። ሶፋ ግድግዳ ሲጠጋ ኮንክሪቱ የሚታየው በሶፋውና በምንጣፉ መካከል፣ እንደ ጠባብ ቦይ ሆኖ ነው። እንዲህ የሚታይ ኮንክሪት ምንጣፍ ያልበቃው ወለል ይመስላል፤ «ሲተርፍ ይሞላል» የሚያሰኝ። የተወለወለ ኮንክሪት ተፈልጎ የተተወ መሆኑ እንዲታወቅ በአንድ በኩል ሰፊ፣ ያልተቆራረጠና ምንም ዕቃ ያልተቀመጠበት ሆኖ መታየት አለበት፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ግማሽ ግማሽ አይሆንም።

መስመሮቹ መንገዱን አሳዩ። በመስኮቱ በኩል ያሉት አራት ካሬዎች፣ ማለትም ከመግቢያው በር ጀምሮ እስከ ጓዳው በር የሚዘልቀው 1.8 በ7.2 ሜትር፣ ባዶ ሆነው ቀሩ። የቀን ብርሃን በዚያ ላይ ይወርዳል፣ ጥቁር ነቁጡ ይታያል፣ ስንጥቁም እዚያው ነው። ባልየው ምንጣፉ ስንጥቁን እንዲሸፍን ለምነው ነበር። ምንጣፍ ግን የመቀመጫ አካል እንጂ የስህተት ክዳን ሲሆን ወዲያውኑ ያስታውቃል፤ ማንም ሳይቀመጥበት መሬት ላይ ብቻውን የተኛ ስጋጃ ያየ ሰው ማንሣቱ አይቀርም። ስንጥቁን ከወለሉ ትንሽ ጠቆር ባለ ሙጫ ሞልተን አብረን ወለወልነው።

ከቀሩት ስምንት ካሬዎች አራቱ ዋናው መቀመጫ ሆኑ። ከደብረ ብርሃን ስጋጃ ሠሪዎች 3.4 ሜትር በ3.4 ሜትር የሆነ የበግ ጸጉር ስጋጃ አስሠራን፤ ቀለም ያልገባው፣ በራሱ በበጉ ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ብቻ። መጠኑ የተመረጠው በአራቱም በኩል ከመጋዙ መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ገባ እንዲል ነው፤ መስመሩ እንደ ጥልፍ ጠርዝ ሆኖ ስጋጃውን ያቅፈዋል። ሶፋው ከግድግዳ ተነሥቶ ባለሦስቱና ባለሁለቱ መቀመጫ ፊት ለፊት ተያዩ፣ ሁለቱ ባለአንድ መቀመጫዎች በጎን ሆኑ፣ የፊት እግራቸው ስጋጃው ላይ አረፈ። ሁለት ካሬ ላይ አነስ ያለ ስጋጃና የጅማ በርጩማዎች ተቀመጡ፤ ዘመድ ሲበዛ የሚቀመጥበት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ካሬዎች፣ በጓዳው በር አጠገብ፣ ለቡና ተለዩ።

ከስጋጃው ሥር የሚገባውን መደላድል በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ላስቲክ መሰል መደላድል በጊዜ ብዛት ዘይቱን ለወለሉ ማሸጊያ (ፈሳሽ እንዳይሰርግ ላዩ ላይ ለሚቀባው) ይሰጥና ቢጫ መረብ ያትምበታል፤ ስለዚህ ወፍራም የተዳመጠ ሱፍ ተጠቀምን። የሶፋውና የበርጩማው እግርም በዚያው ሱፍ ተለበጠ፤ አለበለዚያ በበጋ ከውጭ የሚገባው አሸዋማ አቧራ ከእግሩ ሥር ገብቶ ወለሉን ይቧጭረዋል።

ስለ ቅዝቃዜው ብዙ ስለተጠየቅኩ እዚህ ላይ ልበል። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የኮንክሪቱንና በመኝታ ቤቱ ያለውን ፓርኬ ሙቀት ለካሁ፤ ሁለቱም 17 ዲግሪ ነበሩ። በባዶ እግር ለቆመባቸው ሰው ግን አንዱ በረዶ፣ አንዱ ደህና ነው። ኮንክሪት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከእንጨት ወደ ዐሥር እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ስለሆነ እግር የሚሰማው የወለሉን ቅዝቃዜ ሳይሆን የራሱን ሙቀት መነጠቅ ነው። በ2,350 ሜትር ከፍታ ላይ በተመሠረተ ከተማ ውስጥ ይህን መካድ አይቻልም፤ ከእግር በታች ስጋጃ ማድረግ እንጂ ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

ወርቁ፣ ግራጫውና መብራቱ

ሶፋውን መጀመሪያ ስመለከት ሥራዬን የሚያበላሽ መስሎኝ ነበር። የወርቅማ ቅርጹ ብዛት፣ የጨርቁ ክሬም ቀለም፣ ሁሉም ከሚያብረቀርቅ እብነ በረድ ጋር እንዲሄድ የተሠራ ነው። ኮንክሪቱ ላይ ሲቆም ግን ያልጠበቅኩት ሆነ፤ ደብዛዛው ግራጫ የወርቁን ጩኸት ዝም አሰኘው። በእብነ በረድ ላይ ሁለት የሚያብረቀርቁ ነገሮች ይፎካከሩ ነበር፤ እዚህ አንዱ ብቻ ነው የሚናገረው። የቀየርነው ጨርቁን ብቻ ነው፤ ክሬሙ ተነሥቶ ጥቁር አረንጓዴ ወፍራም ሱፍ ለበሰ። ይህም ለድምፁ ጠቀመ።

መጋረጃው ከኮርኒሱ ጀምሮ ወለሉን እስኪነካ የሚወርድ፣ በስፋቱ እጥፍ የተሸበሸበ ከፋይ ሆነ። ዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ፣ ከግድግዳው ጋር ነጭ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ እኔ ጥቁር ቡናማ እንጨት አደረግሁት፣ ምክንያቱም ግራጫ ወለል ከነጭ ግድግዳ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ክሊኒክ ይመስላል። ከአንዱ ግድግዳ ላይ ከእናትየዋ ሣጥን የወጣ የመንዝ ባና ተሰቀለ። እሳቸው «ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን ከኋላው ያለው 14 ካሬ ሜትር ባዶ ልስን አሳስቦኝ ነበር።

በስሌቱ መሠረት ስጋጃዎቹ፣ ከፋዩ፣ የሶፋው ሱፍና ባናው አንድ ላይ ማስተጋባቱን ወደ 0.8 ሰከንድ ያወርዱታል። እንደገና አጨበጨብኩ። ጭብጨባው እጄ ላይ ቀረ።

መብራቱ ላይ የሠራነው ከሁሉም ቀላሉና በጣም ለውጥ ያመጣው ነበር። 16ቱ ስፖት ላይቶች 6500 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነበሩ፤ ይህ ብርሃን ግራጫ ወለል ላይ ሲወርድ ወለሉን የብረት መጋዘን ያስመስለዋል። ከባዶው መተላለፊያ በላይ ያሉትን ሁሉ አጠፋን፤ ነጸብራቅ የሚፈጥረው ባዶ ወለል እንጂ ስጋጃ አይደለምና። የቀሩት 6 ብቻ ናቸው፣ እነሱም ባናውንና ግድግዳውን የሚያጥቡ። ከዋናው ስጋጃ በላይ አንድ የተንጠለጠለ፣ በመቀመጫዎቹ መካከል ደግሞ ሦስት የጠረጴዛና የቁም መብራቶች፣ ሁሉም 2700 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን። ማታ ወለሉ የመብራት ነጥብ ሳይሆን የመጋረጃውን ጥላ ብቻ ይዞ ይታያል።

ወጪውን የሚጠይቅ ካለ፣ ከሴራሚክ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ወደ ስጋጃውና ወደ ከፋዩ ሄዷል፤ ምናልባትም ትንሽ በልጦ። ኮንክሪት ርካሽ ወለል ነው የሚለው ወለሉን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ነው።

የቡናው ጥግ

የተወለወለ ኮንክሪት ዋና ጠላቱ አሲድ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ከሲሚንቶው ውስጥ ያለው የካልሲየም ውህድ ነው፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ለስላሳ መጠጥ ይበሉታል። የሚተዉት ምልክት ደግሞ እድፍ አይደለም፤ በልቶት የሄደ ቦታ ነው፣ በሳሙና አይለቅም። ይህን ለቤተሰቡ በቃል ከመንገር ይልቅ ከፍሳሹ የተረፈ፣ አብሮ የተወለወለና ግማሹ ብቻ በማሸጊያ የተቀባ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁና እናትየዋን፣ ሚስትየዋንና ሠራተኛዋን ጠራሁ። ሎሚ፣ ቡና፣ ጠጅ፣ ዘይትና አዋዜ ጠብ ጠብ አደረግንበት።

ሎሚው በ15 ደቂቃ ውስጥ ባልተቀባው በኩል ነጭ ክብ ሠራ፤ በተቀባው በኩልም ሲደርቅ በሰያፍ ከታየ ደብዘዝ ያለ ቀለበት ነበረ። ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ በጨርቅ ተነሣ። ጠጁ ያልተቀባውን አደበዘዘ። ዘይቱና አዋዜው አድረው ጠዋት ሲታዩ ያልተቀባው በኩል ጠጥቷቸዋል፤ አዋዜው ቀይ ጥላ ትቷል፣ ዛሬም ቁራጩ ላይ አለ። በመጨረሻ ሠራተኛዋ ከከሰል ማንደጃ አንድ ፍም በመቆንጠጫ አመጣችና ቁራጩ ላይ አደረገችው። ማሸጊያው ፈላ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከሥሩ ትንሽ ቅርፊት ተነሣ። ማንም ምንም አላለም፤ ረከቦቱ የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል።

ለቡናው ጥግ ሴራሚክ ላስገባበት አስቤ ነበር። ቄጤማም ችግር ነው፤ እርጥብ ሣር ኮንክሪት ላይ ካደረ አረንጓዴ ቡናማ ጥላ ይተዋል። መፍትሔውን የሰጡት እናትየዋ ናቸው። «በእኛ ቤት ወለሉ ጭቃ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሌን ነበር የምናነጥፈው፤ ቄጤማው ከላይ ነው» አሉ። ሁለት ካሬውን ልክ የሚሸፍን፣ 1.7 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ ሰሌን ተሠራ። ሎሚ ቢንጠባጠብበት ታጥቦ በረንዳ ላይ ይሰጣል፣ ቢበላሽም ሌላ ይገዛል። የከሰል ማንደጃው ብቻ በሰሌኑ ላይ በተቀመጠ የጥቁር ድንጋይ ጠፍጣፋ ላይ ይቆማል። በሙሉ ሥራው ውስጥ ርካሹ ዕቃ ያ ሰሌን ነው፣ እንግዶች መጀመሪያ የሚያነሡትም እሱን ነው። ከግራጫው ጋር ያለው የገለባ ቀለም በእኔ ሥዕል ውስጥ አልነበረም።

እሑዱ

ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ። እኔ በዕለቱ በቦታው የነበርኩት መብራቱን ለማየት በሚል ሰበብ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ድምፁን ልሰማ ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ባዶው መተላለፊያ ገቡ፤ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው በረድፍ ቆሙ። ያ ባዶ ኮንክሪት ቦታ ለመቆሚያ ብዬ የተውኩት አልነበረም፤ ነገር ግን ከበሩ ጀምሮ ዕቃ የሌለበት፣ ፊቱ ወደ ተቀመጠው ቤተሰብ የሆነ ብቸኛው ቦታ እሱ ነበር። ጫማቸው ለአፍታ ቀጭ ቀጭ አለና ጸጥታ ሆነ። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ በዝቅተኛ ድምፅ ጀመሩ። ጓዳው በር ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

በዓመቱ፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ ቤቱን ለማየት ተመልሼ ነበር። ከመግቢያው በር አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ካሬ ብርሃኑ ቀንሷል፤ ሰው ከውጭ ይዞት የሚገባው አሸዋ ነው፣ በሩ ላይ ወፍራም የጫማ መጥረጊያ እንዲደረግ ነግሬያቸው ሳይደረግ ቆይቷል። በዋናው ስጋጃ ጠርዝ፣ ከመስመሩ ወጣ ብሎ፣ አንድ ክብ ምልክት አለ፤ መጠኑ ልክ የብርጭቆ ቂጥ ያህል ነው። ሎሚ መሆኑን ሁሉም ያምናል፣ ማን እንዳስቀመጠው ግን ማንም አይናገርም። ባልየው ቦታውን ብቻ እንደገና ማስወልወል ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ይቻላል፣ ግን ዙሪያው ካለው ጋር እኩል እንዲሆን ካሬው ሙሉ መሠራት አለበት አልኳቸው። እናትየዋ ከቡናው ጥግ ሆነው ሰምተውን «ተዉት፤ ሰው የተቀመጠበት ቤት መሆኑ ይታይ» አሉና ሁለተኛውን ሲኒ ቀዱ።